ከዳንግላ መናኸሪያ እስከ ዋሽንግተኑ ቀይ መስመር

ዳንግላ መናኸሪያ በጠዋት ደርሳችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ የሚጣራው ረዳት፣ አንድ ሰው ብሎ አምስት ይጭናል። ለሦስት በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ያስገባል፣ አንዱን ሞተር ላይ ያስቀምጣል፣ ዶሮ የያዘችውን ከወንበር ሥር «አስጠጊያት» ይላል። ከዚያ ዱርቤቴን፣ ወተት ዓባይንና መርዓዊን አልፎ ባሕር ዳር እስኪደረስ 80 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ተሳፋሪው ሲሳፈር እንደምን አደራችሁ ይባባላል። መርዓዊ ሳይደረስ የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ለምን እንደምትሄድ፣ የታመመብህ ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

እኔ በዚህ መንገድ 36 ዓመት ተመላልሻለሁ። ጎንደር በነርስነት ዲፕሎማ ከያዝኩበት ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ እስከተሰናበትኩበት እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ሥራዬ በአብዛኛው ዳንግላና አካባቢዋ ነበር። በአገራችን የሕፃናት ክትባት በመደበኛ ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ስለሆነ፣ እኔ ሥራ ስጀምር ፕሮግራሙም ገና ጀማሪ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተያዘ ይበላሻል። ስለዚህ በረዶ የተሞላውን ሳጥን ጭኜ በአውቶቡስ፣ መንገድ በሌለበት በበቅሎ፣ በቅሎም ሲጠፋ በእግሬ እሄድ ነበር። አውቶቡስ ላይ ረዳቱ ሳጥኑን ፖርቶ መጋላ ላይ ልስቀለው ሲል፣ ፀሐይ ያበላሸዋል ብዬ እንደ ሕፃን ታቅፌው እቀመጣለሁ። ሰውም ይረዳኝ ነበር። «ሲስተርን አስቀምጧት፣ የልጆች መድኃኒት ይዛለች» ይባላል፤ ከሞላ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ይፈጠራል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለጉራ አይደለም። በ60 ዓመቴ ማንም የማያውቀኝ፣ ማንም ቦታ የማይፈጥርልኝ አገር ሄጄ በየቀኑ በተጨናነቀ ባቡር ስመላለስ፣ ምን እንደጎደለብኝና ምን እንደተማርኩ ለመንገር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም እዚሁ እናገራለሁ።

ልጄ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ትኖራለች፤ ሥራዋ የሌሊት ፈረቃ ነው። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. «እማ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስልኝ የለም፤ አንድ ዓመት ብቻ ነይልኝ» አለችኝ። የልጅ ልጄ ያን ጊዜ 10 ዓመቱ ነበር። ሄድኩ። አያት የሆናችሁ ሁሉ እንደምታውቁት፣ «ልጁን ያዢልኝ» ለሚል ጥሪ መልሱ አንድ ነው።

ቤታቸው ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ፣ ፎርት ቶተን በሚባል ጣቢያ አጠገብ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን በሌላው ጫፍ፣ በሰሜን ምዕራብ ቴንሊታውን በሚባል ሰፈር ነው። ዋሽንግተን ውስጥ እንዲህ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር እየተሻገሩ የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። የከተማው ተማሪ በባቡርና በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ሲመላለስ በነፃ ነው፤ አያት ግን ትከፍላለች። ዕድሜዬ 65 ቢሆን ኖሮ በግማሽ ዋጋ እሄድ ነበር። ልጄ ካርዱን ስትገዛልኝ «እማ፣ አምስት ዓመት ቸኮልሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

የምድር ውስጥ ባቡሩ ሜትሮ ይባላል። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1976 ሲሆን፣ መስመሮቹ በቀለም ይጠራሉ። የኛ ቀዩ መስመር ነበር። ከፎርት ቶተን ስንነሳ ባቡሩ መጀመሪያ ከመሬት በላይ ነው የሚሄደው፤ ዛፍም ሰማይም ይታያል። ብሩክላንድን፣ ሮድ አይላንድ አቬኑንና ኖማን አልፎ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ዩኒየን ስቴሽን ይደርሳል። ጁዲሺየሪ ስኩዌር፣ ጋለሪ ፕሌስ፣ ሜትሮ ሴንተር፣ ፋራጉት ኖርዝ፣ ዱፖንት ሰርክል እያለ፣ ውድሊ ፓርክንና ክሊቭላንድ ፓርክን አልፎ፣ ኤምባሲያችን ካለበት ሰፈር አጠገብ ቫን ኔስ ደርሶ፣ ቀጥሎ ቴንሊታውን ነው። ከተነሳንበት ቀጥሎ ካለው ቆጥረን በ13ኛው ጣቢያ እንወርዳለን። ስሞቹን በቃሌ የያዝኩት በልጁ አስተማሪነት ነው። ዛሬም እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እንደ ዳዊት እደግማቸዋለሁ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባቡሩ ጢም ብሎ ይመጣል። በመጨናነቁ ከኛ መኪና ብዙም አይለይም፤ የሚለየው በዝምታው ነው። መቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ ቆሞ፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። አንዱ ስልኩን፣ አንዱ መጽሐፉን ያያል፣ ሌላው ዓይኑን ጨፍኗል። የመጀመሪያ ቀን እንደ ልማዴ ገባ ስል አንገቴን ዝቅ አድርጌ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ አይታኝ ተመልሳ አቀረቀረች። ልጁ እጄን ሳብ አድርጎ «እምዬ፣ እዚህ ባቡር ውስጥ ሰላም አይባልም» አለኝ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። በእኔ እንዳፈረ ገባኝ፤ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ አስተማሪዬ እርሱ ሆነ። በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ የሚቆም በቀኝ ይቆማል፤ ግራው ለሚቸኩለው መንገድ ነው። ካርዱን ስትገቢም ስትወጪም ታስነኪያለሽ፤ ዋጋው እንደ ርቀቱና እንደ ሰዓቱ ስለሚለያይ መውጫው ላይ ነው የሚታሰበው። በሩ እንደ ሊፍት በር አይደለም፤ እጅሽን ብታስገቢ ራርቶ አይከፈትልሽም። ደግሞ በባቡሩም በጣቢያውም ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው።

ይኼኛው ላይ ተከራከርኩት። ከዳንግላ በርበሬና ሽሮ ብቻ አይደለም ይዤ የሄድኩት፤ የገብስ ቆሎም ነበረኝ፤ ቆሎ ደግሞ የመንገድ ስንቅ ነው። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 እኛ በምንወርድበት በቴንሊታውን ጣቢያ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንዲት የድንች ጥብስ ስትበላ በፖሊስ መያዟን ነገረኝ። ያስፈራራኝ መስሎኝ ልጄን ብጠይቃት እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ እስከ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቆሎዬን ቤት ትቼ መሄድ ጀመርኩ።

ከአስተማረኝ ሁሉ የጠቀመኝ ግን የመለያየት ሕግ ነው። ልጄ ያወጣችው ሕግ ነው፦ «በር ቢለያያችሁ፣ ባቡሩ ይዞት የሄደው በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ እዚያው መድረኩ ላይ ቁሞ ይጠብቅ፤ የቀረው የሚቀጥለውን ባቡር ይዞ ይምጣ። ማንም ወደ ኋላ አይመለስ።» እኔ ነገሩን የልጅ ጨዋታ አድርጌው ነበር። ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሜትሮ ሴንተር ላይ የሚወርደው ሰው ገፍቶ ከባቡሩ አወጣኝ። ተመልሼ ልገባ ስል በሩ ተዘጋ። ልጁ በመስታወቱ ውስጥ እጁን ወደ ፊት እየጠቆመ «ቀጣዩ! ቀጣዩ!» ሲል አየሁት፤ ባቡሩ ሄደ።

ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ። የ10 ዓመት ልጅ፣ የሰው አገር፣ የምድር ሆድ! ሁለት እግሬ ወደ ተቃራኒው መድረክ ሊሮጥ ፈለገ። ሕጉ ትዝ ባይለኝ ኖሮ እርሱ እኔን ሲጠብቅ፣ እኔ እርሱን ስፈልግ እስከ ማታ እንተላለፍ ነበር። የሚቀጥለው ባቡር እስኪመጣ ምናልባት አምስት ደቂቃ ነው የቆምኩት፤ ምጥ ላይ ካለች እናት ጋር ካሳለፍኳቸው ሌሊቶች ሁሉ ያ ረዘመብኝ። ጋለሪ ፕሌስ ስደርስ መድረኩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ መጽሐፉን ያነባል። «ዘገየሽ» አለኝ። እያለቀስኩ ስስመው ዙሪያውን እየተመለከተ «እምዬ፣ ሰው ያየናል» አለ። ግን አልሸሸም፤ ቆሞ ተሳመልኝ።

ወላጆችና አያቶች፣ ይህን ሕግ ለራሳችሁ ቤት ውሰዱት። በገበያም፣ በመናኸሪያም፣ በጥምቀት በዓልም፣ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ይሠራል። ከልጁ ጋር ከቤት ሳትወጡ «ብንለያይ ማን ይቆማል፣ ማን ይመጣል» የሚለውን ተነጋገሩ። ሁለቱም ሲፈላለጉ ነው የሚጠፋፉት።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ።

ቀኑ በኅዳር ወር ነበር፤ ብርዱ ገብቷል። ዩኒየን ስቴሽን ላይ እንደ ወትሮው ብዙ ሰው ወርዶ ብዙ ሰው ገባ። ከገቡት አንዱ ዕድሜው ወደ ሃምሳዎቹ የሚሆን፣ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ነበር። ከእኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ የብረቱን ምሰሶ ይዞ ቆመ። በዚያ ብርድ ፊቱ በላብ ተጠምቋል። ምሰሶውን የያዘው እጁ ይንቀጠቀጣል። በሌላው እጁ ቦርሳውን ሊከፍት ይሞክራል፤ ዚፑ አልገኝለት አለ፤ አንዴ ዚፑን፣ አንዴ ባዶ ጨርቁን ይስባል። ዓይኑ ያያል ግን አያስተውልም።

36 ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር፣ መገርጣት፤ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድበት እንዲህ ነው። በኛ መኪና ቢሆን ገና ሲገባ «ምን ሆነሃል ወንድሜ? ቦታ ስጡት! ማን ከረሜላ የያዘ አለ?» ብዬ ጮሄ ነበር። እዚያ ግን አፌ ተሳሰረ። እንግሊዝኛዬ በመጽሐፍ የተማርኩት ነው፤ አነባለሁ፣ ስናገር ግን አልረባም። ደግሞም ልቤ ሰበብ አዘጋጀልኝ፤ «እዚህ አገር የሥራ ፈቃድ የለሽም፤ ብትሳሳቺ ትጠየቂያለሽ፤ ሰክሮ ቢሆንስ? ልጁንም ታሳፍሪዋለሽ» አለኝ። ከመቶ ሰው መካከል ቀና ብሎ ያየው አንድም የለም። እኔ ግን አየሁት። አይቼም ዝም አልኩ።

ጁዲሺየሪ ስኩዌር ደረስን። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። አንድ ሙሉ ጣቢያ ዝም አልኩ። ከዚያ ባቡሩ ሲነሳ ሰውዬው በምሰሶው ላይ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ጭንቅላቱም የወንበሩን ጠርዝ መታው።

ሲወድቅ ነው እጄ የተፈታው። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ እኔ ተንበረከክሁ። የእጁ አንጓ ላይ የብረት አምባር አለ፤ የስኳር ሕመምተኛ መሆኑ ተቀርጾበታል። ስጠራው ያቃስታል፤ ዓይኑን ይከፍታል፤ ምራቁን ይውጣል። መዋጥ መቻሉን ካረጋገጥኩ በኋላ የልጁን ቦርሳ ከፍቼ የምሳውን የፖም ጭማቂ አወጣሁ። ልጁ «እምዬ፣ ክልክል ነው» ይል ይሆን ብዬ ቀና ስል፣ እርሱ አጠገቤ የለም። ሰው መሐል እየተሹለከለከ የፉርጎው ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ከባቡሩ ነጂ ጋር የሚያገናኘውን ቁልፍ ተጭኖ እየተናገረ ነው። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የፉርጎውን ቁጥር እያነበበ የትኛው ፉርጎ ውስጥ እንዳለን ይነግራል። እኔ በዚያ ባቡር ለወራት ስመላለስ ያ ቁልፍ መኖሩን አላስተዋልኩም ነበር።

ጋለሪ ፕሌስ ደርሰን በሩ ሲከፈት ሰውዬው የጭማቂውን ግማሽ ያህል ጠጥቶ ነበር። ሠራተኞች መጡ። ልጁ እኔ በአማርኛ የምለውን በእንግሊዝኛ እያደረገ አስረዳቸው፦ ስኳሩ ወርዶ ነው፤ ጭማቂ ወስዷል፤ ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ እርሱም ይታይለት። ሰውዬው ሲወጣ እጄን ጨበጠኝ፤ የተናገረውን አልሰማሁትም። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ማታ ልጄ ሥራ ከመሄዷ በፊት ልጁ ታሪኩን እየዘለለ ነገራት። ስለ እኔ ሲያወራ እንደዚያ ሲኮራ አይቼው አላውቅም። ልጄ ከወጣች በኋላ ግን መኝታው ላይ ሆኖ «እምዬ» አለኝ፤ «ሰውዬው ከመውደቁ በፊት ታዪው ነበር አይደል?»

ልዋሽ እችል ነበር። «አዎ» አልኩት። «አይቼው ነበር። ምን እንደሆነም ገምቼ ነበር። ቋንቋውን ፈራሁ፣ ሰዉን ፈራሁ።»

ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ልጁን ለመጠበቅ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። እርሱ ቋንቋውና ቁልፉ ነበረው፤ እኔ ሙያው ነበረኝ። ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን ያ ሰው በመሐላችን ወደቀ። ጭንቅላቱ ወንበሩን የመታው ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል።

ያን ሌሊት ተዋዋልን። እኔ አይቼ ጆሮው ላይ እናገራለሁ፤ እርሱ ለሰው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት እርጉዝ ቆማ ካየሁ ክርኔን ነካ አደርገዋለሁ፤ እርሱ ለተቀመጠው ሰው «ይቅርታ፣ አያቴ ለዚህች ሴት ወንበር ይለቁላታል ወይ ትላለች» ይላል። የሚገርመው ሁሉም ተነሳ። አንድም እምቢ ያለ የለም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አልነበረም፤ አላዩም ነበር። እዚያ አገር መጨናነቁን የሚችሉት ላለመተያየት ተስማምተው ነው። እኛ ደግሞ የምንችለው በመጫወት ነው። ሁለቱም መንገድ ነው፤ ግን ባለመተያየት ውስጥ የታመመ ሰው ይጠፋል።

እግረ መንገዴን ለቤተሰብ የሚጠቅመውን ልናገር። በቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ፣ ቁርስ ሳይበላ መንገድ አይውጣ፤ ኪሱም ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር አይጥፋ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ወይም መደናገር ካያችሁና መዋጥ ከቻለ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፣ ወይም ለስላሳ ስጡት። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙት። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሕክምና አድርሱት።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ወደ አገሬ ተመለስኩ። ልጄ «እዚሁ ቅሪ» ብላኝ ነበር፤ ልጁም አልቅሷል። እኔ ግን የቃሌ ዓመት አልቋል፤ ባለቤቴም ብቻውን ነበር። ባሕር ዳር ከአውሮፕላን ወርጄ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። «ዳንግላ! ዳንግላ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚለውን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እውነትም አንድ ሰው ብለው አምስት ጫኑ።

ዝናብ ይጥላል። መስኮቱ ሁሉ ድርግም ተደርጎ ተዘግቷል፤ መስታወቱ በትንፋሽ ወዝቷል። ይህ የመስኮት ነገር ከጥንት ጀምሮ የእኔ ጦርነት ነው። አገራችን ሰው መኪና ውስጥ የሚፈራው ንፋስ ነው፤ «ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» ይላል። እኔ በሳንባ ነቀርሳ ክፍል ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የምፈራው የተዘጋውን ነው። ሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። የታመመ ሰው ሲያስል በተዘጋ ጠባብ ቦታ ተዋሲያኑ አየር ላይ ይቆያሉ፤ ንፁህ አየር ሲገባ ግን ይበተናሉ፣ ይቀንሳሉ። መስኮት መክፈት ምንም ዋጋ የማያስከፍል መከላከያ ነው።

ከአጠገቤ ጋቢ የደረቡ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ያስላሉ። ደረቅ ሳል አይደለም፤ ከሥር የሚመጣ ነው። አንገታቸው ላይ ሥሩ ወጥቷል፤ ጋቢው ውስጥ ሰውነታቸው የለም። ሰው ሁሉ ይጫወታል፤ እርሳቸውን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ለካ እኛም የማናይበት ጊዜ አለ።

ወተት ዓባይ ስንደርስ «ጁዲሺየሪ ስኩዌር» አልኩ በሆዴ። እዚህ ምን ሰበብ አለኝ? ቋንቋው የእኔ ነው፤ ሰዉ የእኔ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሌላው እንዳይሰማና እንዳያፍሩ «አባቴ፣ ሳሉ ከጀመረዎ ቆየ?» አልኳቸው። «ከሁዳዴ ወዲህ ነው ልጄ» አሉኝ። ሁዳዴ ካለፈ ሦስት ወር አልፎታል። ሌሊት ያልብዎታል ወይ፣ ክብደት ቀንሰዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል መመርመር አለበት፤ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፤ በሽታው ቢገኝ እንኳ መድኃኒቱን በሥርዓቱ ለወራት ከወሰዱት ይድናል አልኳቸው። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ ብዬ ተቀጣጠርን።

መስኮቱንም ለመንኩ። «ዝናብ ይገባል» አሉኝ። ዝናቡ በማይመታበት በኩል ሦስት ጣት ያህል ይከፈት ብዬ ተደራደርኩ። ረዳቱ አጉረምርሞ ከፈተው። አንዲት እናት ሕፃኗን በነጠላ ሸፈን አደረገች፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ሰኞ ሽማግሌው መጡ። ከዚያ በኋላ ያለው የታማሚ ምስጢር ስለሆነ አልናገርም።

ዳንግላ ድሮም ቢሆን እንግዳ የምታውቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺስማን የተባለ ሰው መቀመጫው እዚህ ነበር፤ ከዚህ እየተነሳም የዓባይንና የጣናን አገር በበቅሎ ዞሮ በመጽሐፍ ጽፏል። የእርሱ ቋንቋ ለአገሬው፣ የአገሬው አገውኛና አማርኛ ለእርሱ እንግዳ እንደነበር አስባለሁ። እኔም በተራዬ በሰው አገር እንግዳ ሆኜ ስመለስ፣ ከመኪና ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን ሰው ማየት ለመድኩ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ መኪናው በግማሽ ሰው እንዲጭን ታዘዘ፤ መስኮቱም ተከፈተ። ያን ጊዜ ረዳቶቹ «ሲስተር፣ እርስዎ ያሉት ደረሰ» ይሉኝ ነበር። ወረርሽኙ ሲረሳ መስኮቱም ተመልሶ ተዘጋ። እኔም ተመልሼ ልመናዬን ቀጠልኩ። አንዳንዱ ይከፍታል፣ አንዳንዱ «እኒህ ሴትዮ ደግሞ» ይለኛል።

የልጅ ልጄ አሁን 17 ዓመቱ ነው። ቀዩን መስመር ብቻውን ይመላለሳል። እሑድ እሑድ ስንደዋወል አማርኛው ከድሮው ተሰባብሯል፤ አንድ ጥያቄ ግን አይረሳም። «እምዬ፣ በዚህ ሳምንት ማንን አየሽ?» ይለኛል። እኔም እነግረዋለሁ። ከዚያ በተራዬ እጠይቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ካርታው ፊት ቆማ ስታለቅስ አይቶ፣ ጣቢያዋን እስክታገኝ አብሯት ሄዶ ለትምህርት እንደዘገየ ነገረኝ።

እናቱ በመዘግየቱ ተቆጥታዋለች። እኔ አልተቆጣሁም።